አሁን ልግዛ ወይስ አዲሱን ልጠብቅ?



እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ልተኛ ስል ስልክ ተደወለ። ደዋዩ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነበር። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ዲቪ ደርሶት ከሄደ ወዲህ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ይነዳል። በሌሊት የሚመጣ ስልክ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣምና ልቤ ተሰቅሎ «ጋሼ፣ በደህና ነው?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ላማክርህ ነው። አንተ መቼም ታነባለህ» አለኝ።

ጉዳዩ መኪና ሆኖ ተገኘ። ለሥራ የሚሆን መኪና እንዳይመስላችሁ። ኮርቬት የሚባለው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው የአሜሪካኖች የስፖርት መኪና ነው። ዋጋው በዚያን ጊዜ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ገንዘቡን ከወለድ ብድር ርቆ፣ ሌሊት ሌሊት እየነዳ፣ በአሥራ አንድ ዓመት አጠራቅሟል። መንዳት የተማረው እዚሁ አዲስ አበባ በላዳ ታክሲ ነው። እዚያ የሚነዳው መኪና ማርሹን ራሱ የሚቀይር በመሆኑ ፍሪሲዮን ረግጦ በገዛ እጁ ማርሽ ማስገባት ናፍቆታል። ኮርቬት ደግሞ ይህን የሚፈቅድ ነበር። ችግሩ አንድ ነው። ኩባንያው መኪናውን ከሥር መሠረቱ ሊለውጠው ነው፣ ሞተሩም ከፊት ተነስቶ ከሾፌሩ ጀርባ ሊገባ ነው የሚል ወሬ በሰፊው ይናፈሳል። «አሁን ያለውን ልግዛ ወይስ አዲሱን ልጠብቅ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ብዙ ሳላስብ «ጠብቅ ጋሼ፣ ሶብር ጥሩ ነው» አልኩት። አመስግኖኝ ስልኩን ዘጋ። ይህች መልሴ ናት እነሆ ከዓመታት በኋላ ይህን እንድጽፍ ያስገደደችኝ።

በእርግጥ አንዳንድ አንባቢ «ሰው ጤፍ መግዛት ባቃተው ጊዜ ስለ ስፖርት መኪና ይጻፋልን?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። እኛ ሀገር ስለ መኪና የሚጠየቀው ጥያቄም ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ሲጥል፣ «ትንሽ ልጠብቅ» ብሎ የቆየው ሰው እጁን ነክሷል። ይሁን እንጂ በሽታው አንድ ዓይነት ነው። ስልክ ለመግዛት «አዲሱ እስኪወጣ» የሚለው፣ ቤት ለመሥራት «ሲሚንቶ እስኪረክስ» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለማግባት «ሁሉ ነገር እስኪሟላ» የሚለው ወጣት፣ የአክስቴን ልጅ ጥያቄ በሌላ ስም እየጠየቀ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ከመንገዳችን ላይ እናንሳ። ፈጣንና ያማረ መጓጓዣ መውደድ በራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ሲራ ያነበበ አይመስለኝም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ፈረሶችን ያሽቀዳድሙ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ለሩጫ የተዘጋጁት ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ፣ ያልተዘጋጁት ደግሞ ከሰኒያው እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ ይሮጡ ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ.) ከጋላቢዎቹ አንዱ ነበሩ። እርግጥ ያ ለጂሃድ መዘጋጃ ጭምር ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ኮርቬት ግን ለምንም አያዘጋጅም። ቢሆንም ሰውየው ዘካውን ካወጣ፣ ቤተሰቡን ካልበደለ፣ ወለድ ውስጥ ካልገባና በሰው ላይ ካልኮራ፣ ሐራም ነው ብዬ የምፈርድበት ድፍረት የለኝም። ኢስራፍ መሆን አለመሆኑን ዑለማዎች ይበሉን። እኔን ያስጨነቀኝ «አሁን ወይስ በኋላ» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የፈጠረው ማን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ሞዴል ቲ የተባለውን አንድ መኪና ብዙም ሳይለውጥ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። በዚያ ዘመን ገዢው የሚጠብቀው ገንዘቡ እስኪሞላ እንጂ መኪናው እስኪታደስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የሆኑት አልፍሬድ ስሎን ግን ሌላ ዘዴ ተከተሉ። በየዓመቱ የመኪናውን መልክ መለወጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1927ም ሃርሊ ኧርል የተባለውን ሰው ቀጥረው ሥራው መኪና ማሳመር ብቻ የሆነ ክፍል አቋቋሙለት። ስሎን በስተርጅናቸው ባሳተሙት ማስታወሻ ላይ፣ አዲሱ ሞዴል ገዢው ባለፈው ሞዴል በመጠኑ ቅር እንዲሰኝ ማድረግ እንደሚገባው ሳይደብቁ ጽፈዋል። ልብ በሉ! ቅር መሰኘታችን በፋብሪካ የታቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ 300 ብቻ ተሠርቶ የወጣው ኮርቬትም የዚሁ የሃርሊ ኧርል ሐሳብ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ጠባቂ ላውጋችሁ። ዞራ አርከስ ዱንቶቭ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ኮርቬትን በወጣበት ዓመት አይቶ ወደደውና በዚያው በ1953 ኩባንያው ውስጥ ተቀጠረ፣ የመኪናው ዋና መሐንዲስ እስከ መሆንም ደረሰ። የዚህ ሰው የዕድሜ ልክ ምኞት ሞተሩን ከሾፌሩ ጀርባ ማድረግ ነበር። ናሙና ይሠራል፣ አለቆቹ ይጥሉታል፤ ሌላ ይሠራል፣ ያም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1970 አንዱ ናሙና ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ታየና ብዙ ሰው «አዲሱ ኮርቬት መጣ» አለ። ዱንቶቭ በ1975 ጡረታ ወጣ፣ በ1996 ሞተ። ሞተሩ ከጀርባ የሆነው ኮርቬት ለሽያጭ መዘጋጀቱ የተገለጸው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በ1970 በሃያ ዓመቱ «አዲሱን ልጠብቅ» ያለ ወጣት ቢኖር፣ መኪናውን ሲያይ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ይሆነው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መሬት ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ። በመካከሉ አንድ መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ አራት ማዕዘኑን ጥሶ ወደ ውጭ ወጣ። ሰውየው መሐል ላይ ነው፣ ዙሪያውን የከበበው አራት ማዕዘን አጀሉ ነው፣ ጥሶ የወጣው መስመር ምኞቱ ነው። የዱንቶቭ መስመር ከአራት ማዕዘኑ በሃያ ሦስት ዓመት አልፎ ወጥቷል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያኡ ዑሉሙዲን የመጨረሻ መጽሐፍ፣ ሞትን ስለማስታወስ በጻፉበት፣ ይህን «ጡሉል አመል» የተባለውን የምኞት መርዘም በሰፊው የመረመሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ታዲያ ጠብቅ ማለትህ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? መጠበቅ ነፍሲያን መግታት አይደለምን?» ሊለኝ ይችላል። እኔም ያን ሌሊት ያሰብኩት እንዲሁ ነበር። አሁን ግን ስመለከተው የተሳሳትኩት እዚያው ላይ ነው። ዑለማዎች ሶብርን በሦስት ይከፍሉታል፦ በጣዓ ላይ መጽናት፣ ከወንጀል መታቀብና በመከራ ላይ መታገሥ። አዲስ ሞዴል መጠበቅ ከሦስቱ በየትኛው ይመደባል? የአክስቴ ልጅ በጠበቀባቸው ወራት ነፍሲያውን የገታት አይምሰላችሁ። ከሥራ ሲመለስ ተሰርቆ የተነሳ ፎቶግራፍ ይፈልጋል፣ የሚወራውን ሁሉ ያነባል፣ ቀለም ይመርጣል። እኔ ጋ እንኳ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እየደወለ ወሬውን ያካፍለኝ ነበር። መኪናውን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ በሦስት ወር ይለምደውና ይረሳው ነበር። ሶብር ፍላጎትን ያበርዳል። ይህ ጥበቃ ግን እንጨት እየጨመረ ያነደው ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ፊቅሃችን ስለዚህ ነገር ያለው ጥንቃቄ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች ገና ላልደረሰ ፍሬ የአንድና የሁለት ዓመት ገንዘብ አስቀድመው ሲከፍሉ አገኙ። አልከለከሏቸውም። ነገር ግን መጠኑ የታወቀ፣ ሚዛኑ የታወቀ፣ ቀኑም የተቆረጠ ይሁን አሏቸው። ሰለም የሚባለው ውል ይህ ነው። ገና ያልተሠራን ዕቃ አሠርቶ መግዛትን ደግሞ ሐነፊዎች «ኢስቲስናዕ» ብለው አጽድቀውታል። የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ጠባይ እንዲሁም የሚረከብበት ጊዜ ከተገለጸ ውሉ አስገዳጅ እንደሚሆን ወስኗል። ስለዚህ ያልተሠራ መኪና ማዘዝ ችግር የለውም፤ ምን እንደምታዝና መቼ እንደምትረከብ ማወቅ አለብህ እንጂ።

የአክስቴ ልጅ ሐላልና ሐራም ይለያል። መኪናው ገና ሳይገለጥ አንድ ሻጭ ዘንድ ስሙን አስመዝግቦ ቀብድ ሲያስይዝ፣ ሐሳቡን ቢለውጥ ገንዘቡ የሚመለስለት መሆኑን አረጋግጦ ነው። ኪሱን ከገረር ጠብቋል ማለት ነው። ልቡን ግን ማን ይጠብቅለት? ልብ የራሷን ሰለም ትዋዋላለች። ዋጋውን አስቀድማ ትከፍላለች፤ ሌሊቷን፣ ሐሳቧን፣ የሶላት ኹሹዕዋን ሳይቀር። በምላሹ የምትረከበው ነገር መጠኑም፣ ዓይነቱም፣ ቀኑም አይታወቅም። በገበያ ላይ ቢሆን ማንኛውም ቃዲ የሚያፈርሰው ውል ነው።

መኪናውስ እንዴት ሆነ? በ2019 ሐምሌ ተገለጠ። የአክስቴ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ሲጠብቅ አደረና ደወለልኝ። ድምፁ የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር። «ፍሪሲዮን የለውም» አለኝ። እውነትም አዲሱ ኮርቬት በእጅ የሚቀየር ማርሽ አልነበረውም። ከሁሉ አስቀድሞ የተመኘው ያን አልነበረምን? በመስከረም ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች አድማ መትተው ለ40 ቀናት ሥራ ቆመ፣ የመኪናው ምርትም ወደ ቀጣዩ ዓመት ተገፋ። በ2020 የካቲት ኬንታኪ ያለው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፣ በመጋቢት ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። ሻጩ በዚህ መሐል ከተጻፈው ዋጋ በላይ ጭማሪ ጠየቀው። የታክሲ ሥራም ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ቀብዱን አስመልሶ፣ ያጠራቀመውንም ከፍቶ የቤት ኪራይ ከፈለበት።

ይህን የምነግራችሁ «አሁኑኑ ግዙ» ለማለት አይደለም። የቁርጡን ለመናገር መጠበቅ ብልህነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አዲሱ ሲመጣ የነባሩ ዋጋ ይወርዳልና ነባሩን በርካሽ ለመግዛት የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀውን ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣ መኪና ጉድለቱ እስኪታረም የሚታገሥም እንዲሁ። ያልሞላ ገንዘቡን በወለድ ከመሙላት የሚጠብቅ ሰውማ አጅር አለው፣ ኢንሻ አላህ።

ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ሌላ ጥያቄ ይሸፍናል። አል-ገዛሊ «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» በተሰኘው መጽሐፋቸው አንድ ምሳሌ አቅርበዋል። አንድ ሰው ፊት ለፊቱ በሁሉም ነገር እኩል የሆኑ ሁለት ተምሮች አሉ፤ ሁለቱንም መውሰድ አይችልም። የሚያበላልጥ ነገር ባይኖርም ፈቃዱ አንዱን ይመርጣል ይላሉ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የኮርዶባው ኢብኑ ሩሽድ ሲመልሱላቸው፣ የተራበው ሰው በእርግጥ የሚመርጠው በሁለቱ ተምሮች መካከል ሳይሆን በመብላትና ባለመብላት መካከል ነው አሉ። በፍልስፍናው ማን እንደረታ አልፈርድም። ለገዢ ግን ኢብኑ ሩሽድ ይሻሉታል። «ነባሩን ወይስ አዲሱን?» ብለን ስንከራከር «መግዛት ወይስ አለመግዛት?» የሚለው ጥያቄ በጓሮ በር ይወጣል። በዚያን ሌሊት እኔ መጠየቅ የነበረብኝ «ጋሼ፣ ይህ ገንዘብ ሌላ ባለቤት የለውም ወይ?» ብዬ ነበር።

ባለቤት ነበረውና። የአክስቴ ልጅ በ2018 ሐጅ አላደረገም ነበር። እናቱን፣ አክስቴን፣ ይዞ ለመሄድም ከአሥር ዓመት በፊት ቃል ገብቶላታል። ገንዘቡ ለሁለቱ ሐጅ በቂ ነበር፣ ይተርፍም ነበር። «አሁን ወይስ በኋላ» የሚለው ጥያቄ በእርግጥ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፣ ፊቅሃችንም ያውቀዋል። ሐንበሊዎች፣ ከአቡ ሐኒፋ ተማሪዎችም አቡ ዩሱፍ፣ አቅም የተገኘ ዕለት ሐጅ ወዲያው ይገደዳል ይላሉ። ኢማም ሻፊዒ ግን ማዘግየት ይቻላል ይላሉ፤ መካ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ተከፍታ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐጅ ያደረጉት በ10ኛው ዓመት ነውና። ከእኛ ብዙዎቻችን ሻፊዒዎች ስለሆንን በዚህች ፈቃድ እንንፈላሰሳለን። ሻፊዒዮቹ ያስቀመጡትን ቅድመ ሁኔታ ግን ማን ያስታውሳል? ለማድረግ ቁርጥ ኒያ ይኑር፣ አቅሙ ያመልጠኛል የሚል ስጋት አይኑር ብለዋል። ችሎ ሳያደርግ የሞተ ሰው በወንጀል እንደሚጠየቅም ተናግረዋል።

የእኛ ነገር ግራ ነው። ለመኪናው ሲሆን «ካመለጠኝስ?» እያልን እንቅልፍ እናጣለን፤ ለሐጁ ሲሆን «የት ይሄዳል?» እንላለን። ካዕባ እርግጥ የትም አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ከሳዑዲ ዐረቢያ ውጭ ያለ ሰው ሐጅ ማድረግ አልቻለም፣ በ2021ም እንደዚያው። በ2022 ለአንድ ሚሊዮን ሰው ሲፈቀድ ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ ብቻ ተባለ። አክስቴ ያኔ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። በ2018 ስልሳ ሁለት ነበረች፣ ከፒያሳ መርካቶ በእግሯ ትመላለስ ነበር።

«ዐድባእ» የምትባለዋን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ታውቃላችሁ። ማንም አይቀድማትም ነበር። አንድ ቀን አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመል መጥቶ ቀደማትና ሶሓቦቹ ከፋቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከዱንያ ነገር ከፍ ያለውን ሁሉ አላህ ዝቅ እንደሚያደርገው ነገሯቸው። ይህን ሐዲስ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ሳጫውተው ሳቀና «ስለዚህ አዲሱም ያረጃል በለኛ» አለኝ። እውነትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የዚያው መኪና ሌላ ዓይነት፣ ባትሪ የታከለበት፣ ተገለጠ። ፎቶግራፉን ልኮልኝ ነበር። ልማድ ነው፣ አልፈርድበትም።

በዚያው ዓመት የዕድሜ ገደቡ ተነሳ። ከተረፈው ገንዘብና እንደገና ካጠራቀመው አዋጥቶ እናቱን ከአዲስ አበባ አስመጣት፣ መካ ላይ ተገናኙ። የአክስቴ ጉልበት ደክሞ ስለነበር በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ነበር ጠዋፉን ያዞራት። ሲመለስ ደወለልኝና ስለ ሐጁ ጠየቅሁት። ስለ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት፣ ዐረፋ ላይ ስለተለቀሰው ልቅሶ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እናቴ እኮ ሰባቱን ዙር ሙሉ ስትቆጣኝ ነበር» አለኝ፤ «ቀስ በል፣ ሰው ትገጫለህ እያለች»።